ካብ፣ ጉምና ጥቁር አፈር

ከሼፊልድ ወደ ማንቸስተር የሚሄደው፣ በየጣቢያው እየቆመ የሚያዘግመው ባቡር ከከተማው እንደወጣ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ቶትሊ ይባላል። 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስልክ ይቋረጣል፣ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ እጠብቃለሁ። ዋሻው ሲያልቅ ሌላ አገር ነው። የጡብ ቤቱ ሁሉ ጠፍቷል። ጫካ ይመጣል፣ ከዚያ ሸለቆ፣ ከዚያ ከላይ እንደ ግንብ የተሰለፈ ጥቁር ድንጋይ። በዚህ መስመር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ዛሬም ዋሻው ሲያልቅ ልቤ ድው ይላል።

አካባቢው ፒክ ዲስትሪክት ይባላል። ደቡቡን ነጩ ፒክ ይሉታል፤ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ለምለም ሸለቆ፣ ጥርት ያለ ጅረት፣ ጥንታዊ መንደር አለው። ፖስትካርድ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ሰሜኑ ጥቁሩ ፒክ ነው። ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ፣ ረግረግ፣ ንፋስ፣ ዛፍ የሌለው ሰፊ አናት። ሰዎቹ ይህን ገላጣ ከፍታ "ሙር" ይሉታል። እንግዳ ወስጄ ሳሳይ "ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው?" የሚለኝ አለ። አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው።

እዚያ የላከኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ። እሳቸው ከእንቅልፍ ጋር የተጣሉ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ በስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በልቤ ግን አባባ ነው የምላቸው። ድሮ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ እሳት ፊት ቆመው ሲሠሩ ሰንብተው፣ እሁድ እሁድ ተራራ ይወጡ ነበር። አሁን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ከመስኮታቸው ሩቅ ላይ አንድ ግራጫ መስመር ይታያል። አልጋቸው ወደዚያ እንዲዞርላቸው ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ሌሊት፣ ሻይ ይዤላቸው ስገባ፣ "ከየት ነሽ፣ ላቭ?" አሉኝ። ሼፊልድ ውስጥ ሰው የማያውቀውንም "ላቭ" ይላል፣ "ውዴ" እንደማለት። ከኢትዮጵያ አልኳቸው። "ተራራ አለ አሉ" አሉኝ። አለ አልኳቸው። "ታዲያ የእኛን አይተሻል?" ስድስት ዓመት ኖሬ አላየሁም ነበር። የማውቀው የሥራ ቦታዬን፣ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የአውቶቡሱን መንገድ ነው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወረቀት አስመጥተው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው መንገድ ሳሉልኝ። ኢዴል ጣቢያ። መንደሩ። ወንዙ። የያዕቆብ መሰላል።

ስሙን ሳይ ደነገጥኩ። የያዕቆብ መሰላል! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንጂ እንግሊዝ ተራራ ላይ አገኘዋለሁ ብዬ መቼ አሰብኩ። ድሮ እዚያ ይኖር የነበረ ያዕቆብ የሚባል ገበሬ ነው አሉ ደረጃውን የጠረበው። ዛሬ ድንጋዩ ተደልድሏል፤ ግን አቀበቱ ያው አቀበት ነው። ትንፋሽ ያሳጥራል። ስወጣ የምቆጥረው የራሴን እርምጃ ብቻ ነው። ሃምሳ ቆጥሬ እቆማለሁ። ዞር ስል የኢዴል ሸለቆ ከሥሬ ተዘርግቷል፤ እርሻው በካብ ተከፋፍሎ፣ በጎቹ እንደ ተበተነ ጥጥ።

ተራራው ኪንደር ስካውት ይባላል፤ ከፍታው 636 ሜትር ነው። ይህን ለአገሬ ሰው ስናገር ፈገግ ይላል። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው፣ መሐል ሜዳ አጠገብ። የእኛ ሜዳ ራሱ የዚህን ተራራ አናት ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ግን እዚያ አናት ላይ ስደርስ ያገኘኝን ነገር ቁጥር አይነግርም። ብርዱን አወቅሁት። ፊት ላይ የሚጋረፍ፣ ጆሮ የሚያደነቁር፣ ዓይን የሚያስለቅስ ንፋስ። ጎንበስ ያለ ሣር። ከሰማይ በቀር ከላይ ምንም የለም። ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ላይ የማውቀው ነገር እንደሌለ ነበር የሚሰማኝ። እዚያ ግን ሰውነቴ አስቀድሞ የሚያውቀው ቦታ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

"ብርድ ሸሽተሽ ሄደሽ ብርድ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ልክ እንደ ጓሳ ነው እኮ። ጉሙም፣ ሣሩም።"

"በግስ አላቸው?"

"ሞልቷል። ፊቱ ጥቁር፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ።"

"ላቱስ?"

"ላት የላቸውም።"

ትንሽ ዝም አለች። "አይ" አለች በሐዘኔታ፣ "ታዲያ ምኑን በግ ሆነ።" ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የእንግሊዝን በጎች ደህንነት ትጠይቀኛለች።

እዚያ የሚበቅል ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። የብርዱን ወራት ሙሉ የተቃጠለ ይመስላል፣ ቡናማና ደረቅ። ነሐሴ ሲገባ ያብባል። ያኔ ተራራው በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል። ንቡ ሲያንዣብብ ምድሩ ራሱ የሚያጉረመርም ይመስላል። አንዱን ቅርንጫፍ ይዤ ቅጠሉን ተጠግቼ ሳየው የማውቀው ሆነብኝ። እንደ መርፌ የደቀቀ፣ ተደራርቦ የተሰካ። አስታ! በኋላ ሳነብ እውነትም ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች። ሰሜን ተራራ ላይ አስታ ዛፍ ያክላል፤ እዚህ ያለው ዘመዱ ግን መሬት ለመሬት ይሳባል። ጣቶቼ መሃል አሸሁት። ሽታው ግን የተለየ ነው። ማር ማር ይላል።

ስለ ጥቁሩ አፈር ማውራት አለብኝ። እነሱ "ፒት" ይሉታል። ቦታው ከእርጥበቱና ከብርዱ የተነሳ የሞተ ተክል አይበሰብስም፤ በሺህ ዓመታት ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ቦታ አለ። ውሃ ቦርቡሮት የኪንደር አናት በሙሉ ቦረቦር ነው። አንዱን ቦረቦር ወርደሽ ስትወጪ ሌላ ይጠብቅሻል። እግር ጠንካራ መሬት የረገጠ እየመሰለው ይገባል። አንድ ጊዜ ግራ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ስጎትተው "ጧ!" ብሎ ወጣ። ጭቃውን በእጄ ጠረግሁት። እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ውስጡ የሣር ሥር፣ ቀጭን እንጨት፣ ገና ቅርጹ ያልጠፋ ይታያል። ሕይወቱ ካለፈ ሺህ ዓመት የሆነው ሣር ጣቴ ላይ ነበር።

በመጋቢት፣ አንድ እሁድ፣ ጉም ያዘኝ። ከዳር ዳሩ መንገድ ወጥቼ በመሃል ላቋርጥ ብዬ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጉሙ ዱብ አለ። አምስት እርምጃ ወዲያ ያለው አይታይም። ቦረቦሩ ደግሞ አቅጣጫ ያስረሳል። አንድ ድንጋይ አልፌ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዚያው ድንጋይ ጋ ተመለስኩ። እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ወፍ ጮኸ። ቆቅ የምታክል፣ መልኳ እንደ ዝገት ቀላ ያለ ወፍ ናት፤ ግራውዝ ይሏታል። እንግሊዞቹ ድምፅዋን "ጎ ባክ፣ ጎ ባክ" ብለው ነው የሚሰሙት። "ተመለስ፣ ተመለስ" ማለት ነው። ይህን ቃል ከሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ስለዚህ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ከፋኝ። የዚያን ቀን ጉም ውስጥ ቆሜ ሳዳምጣት ግን ለእኔ እንደዚያ አላለችም። ቶሎ ቶሎ፣ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ ቦታዋን የምትጠብቅ ወፍ ነበረች። እዚያ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር መኖሩ አጽናናኝ።

አባባ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። "ኮምፓስ ከያዝሽ እሱን እመኚው። ጉም ውስጥ ራስሽን አትመኚ።" አወጣሁት። ወደ ደቡብ ያዝኩ። ልቤ "ተሳስተሻል" ይለኛል፣ መርፌው ዝም ብሎ ያሳየኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ወጣሁ ወረድኩ። በመጨረሻ ንፋሱ ከፊት ለፊቴ ከታች ወደ ላይ መጣ። ዳሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተቀደደና ኢዴል ታየኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ባቡሩ፣ ሁሉም በቦታው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የያዝኩትን ዳቦ በላሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኪንደርን አንድ ጊዜ ደግሞ ከምዕራብ በኩል፣ ከሄይፊልድ ወጣሁት። እዚያ ቦደን ብሪጅ የሚባል ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ቦታ አለ፤ አሁን መኪና ማቆሚያ ነው። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 24፣ 1932፣ እሁድ ቀን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከዚያ ተነስተው ወደ ኪንደር ወጡ። ያኔ መውጣት ክልክል ነበር። ተራራው የባለርስቶች ነው፤ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ግራውዟን ለመተኮስ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ በዘበኛ ያስጠብቁታል። በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ደግሞ ሁለት ከተማ ሙሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ጭስ ሲውጥ ሰንብቶ በእሁዱ ተራራውን ከሩቅ ያያል።

ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮዝማን ይባላል። 20 ዓመቱ ነበር። መካኒክ፣ ያኔ ግን ሥራ አጥ። ወላጆቹ ከሮማኒያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ናቸው። ይህችን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። የስደተኛ ልጅ ነው "ይህ ተራራ የእኛም ነው" ብሎ የወጣው። ዘበኞቹ ዱላ ይዘው ጠበቋቸው፣ ግርግር ሆነ። ከሼፊልድ የተነሱት ደግሞ በኢዴል በኩል፣ እኔ በምወጣበት፣ ወጥተው አናቱ አጠገብ ተገናኙ። ሲመለሱ ፖሊስ ያዛቸው። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። ሮዝማን አራት ወር ነው የተፈረደበት።

ፍርዱ አገሩን አስቆጣ። ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1965 ከኢዴል ተነስቶ ስኮትላንድ የሚገባው፣ 431 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የእግር መንገድ ተከፈተ፤ ቀኑም እዚያው ኤፕሪል 24 ላይ ዋለ። በእንግሊዝና በዌልስ ክፍት ተራራና ሙር ላይ በነፃ የመራመድ መብት በሕግ የጸደቀው ግን በ2000 ነው። 68 ዓመት ፈጀ። በ2002 በተከበረው ሰባኛ ዓመት ላይ፣ የዚያን ጊዜው ባለርስት የልጅ ልጅ የሆኑት የዴቨንሺር መስፍን እዚያው ሄይፊልድ መጥተው በአያታቸው ስም ይቅርታ ጠየቁ።

መንዝ ላይ የጓሳን መሬት አባቶች በስምምነት ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ያድግ፣ ያርፍ፣ ከዚያ ለሁሉም ይከፈታል። አንዳንዱ መዝጋት ሰው ለማኖር ነው። የኪንደሩ እንደዚያ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ካርታ ላይ "ክፍት መሬት" የሚል ቀለም ሳይ ዝም ብዬ አላልፈውም። በአራት ወር እስር የተገዛ ነው።

ካቡም ታሪኩ እንደዚሁ ነው። ካብ ስል እውነተኛ ካብ ማለቴ ነው፣ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። አቀበቱን ወጥቶ፣ ሸንተረሩን ተሻግሮ፣ ማንም ሰው በማይደርስበት ጥግ ሳይቀር ይሄዳል። ደስ ይላል። ግን ብዙው የተካበው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጋራ የግጦሽ መሬት በፓርላማ ሕግ እየተሸነሸነ ለግል ሲሰጥ ነው። አንዲት ላም የነበረው ደሃ ግጦሹን ያጣው በዚሁ ካብ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላም ካቡን እወደዋለሁ። የካበው እጅ የደሃው እጅ ነበርና።

ባለፈው መስከረም አንድ ሰው የፈረሰ ካብ ሲጠግን አገኘሁ። ቆሜ እንዳይ ፈቃድ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ የፈረሰውን በሙሉ ለያይቶ ሣሩ ላይ ዘርግቶታል፣ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ። ካቡ አንድ ግድግዳ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ሁለቱ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ይደጋገፋሉ። መሃላቸው በደቃቃ ድንጋይ ይሞላል። ወገቡ ላይ ሲደርስ ሁለቱን የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በአግድም ያስገባል። አናቱ ላይ ድንጋይ በቁሙ ይደረደራል። ሰውየው አንዱን ድንጋይ አነሳ፣ አገላበጠው፣ ቦታ ፈለገለት፣ አስቀመጠው። ያነሳውን አንዱንም መልሶ መሬት አልጣለም። ጠየቅሁት። "ካነሳሽው ቦታ ፈልጊለት" አለኝ። "ለሁሉም ድንጋይ ቦታ አለው።" አያቴ ማሳ ዳር ሲክብ እንደዚሁ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ ያደርገው ነበር። ይኸኛውም ሲመታው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከሀዘርሴጅ ጣቢያ በእግር የሚደረስ ስታኔጅ የሚባል ረጅም የድንጋይ ገደል አለ። ገደል የሚወጡ ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ግን ከገደሉ ሥር ላለው ነው የምሄደው። ወፍጮ ድንጋይ ነው። ክብ፣ መሃሉ የተበሳ፣ ተጠርቦ ያለቀ። አንዱ ተጋድሞ፣ ሌላው ጓደኛው ላይ ተደግፎ፣ ፈርን በሚባል ተክል መሃል ተበትኗል። ድንጋዩ ሻካራ ስለሆነ ለወፍጮ ይመረጥ ነበር። በኋላ ነጭ ዳቦ የሚፈልግ ሰው በዛ። ይህ ድንጋይ ዱቄቱን ያጠቁራል ተባለ፣ ከፈረንሳይ የሚመጣው ተመረጠ። ገበያው ሞተ። ጠራቢዎቹ የጨረሱትን እዚያው ትተው ሄዱ። ዛሬ የብሔራዊ ፓርኩ ምልክት ይኸው ወፍጮ ነው።

አንዱ ጋ ተንበረከክሁ። ቀዳዳው ውስጥ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ ሰማዩን ይዟል። ጠርዙ ላይ የመሮው ምት ይታያል፣ እንደ ዝናብ ጠብታ እኩል እኩል የተሰደረ። በጣቴ ዳሰስኩት። አያቴ ወፍጮዋ ሲልም ትወቅረው ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ስትጨርስ እፍ ብላ ብናኙን ታስወግድና በመዳፏ ሻካራነቱን ትፈትናለች። ያ መዳፍ ይህን ድንጋይ ቢያገኘው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ አፍታም አይፈጅበትም ነበር።

ተራራው ታሟል ማለትም አለብኝ። የማንቸስተርና የሼፊልድ ፋብሪካ ጭስ በአሲድ ዝናብ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወርድበት፣ ስፋግነም የምትባለውን፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ የምትመጥ አረንጓዴ ተክል ገደላት። እሷ ስትሞት አፈሩ ራቁቱን ቀረ፣ ንፋስና ጎርፍ ወሰደው። ከ2003 ጀምሮ ሰዎች እየጠገኑት ነው። ቦረቦሩን በድንጋይ ይገድባሉ፣ ስፋግነሟን በእጅ ይተክላሉ። ባለፈው ዓመት ከተተከለው አንዱን አየሁት። መዳፍ የምታክል፣ ውሃ የጠገበች፣ ስትነካ ቀዝቃዛ። በዚያው ቀን ክረምት ሲሆን ነጭ የሚለብሰው የተራራ ጥንቸል ከፊቴ ተስፈንጥሮ ሄደ። በረዶ አልነበረም። ጥቁሩ አፈር ላይ እንደ ሻማ ይታይ ነበር። አንጀቴን በላው።

ከተራራ በተመለስኩ ቁጥር አባባ ይጠይቁኛል። "ያምራል?" ብለው አያውቁም። "በየት ወጣሽ? ንፋሱ ከየት ነበር? ውሃው ወደ ላይ ነበር?" ነው የሚሉት። ውሃው የሚሉት የኪንደር ፏፏቴን ነው። 30 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የምዕራብ ንፋስ ሲበረታ ግን ውሃውን ከገደሉ አፍ ነጥቆ ወደ ላይ ይመልሰዋል። እንደ ጭስ ይነሳል። በጥር አየሁት። ከሩቅ ነው ያየሁት፣ ቀርቤ ደግሞ ራሴን አጠበኝ።

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ክፍላቸው ስገባ እንደተለመደው ነቅተዋል። "ወደ ላይ ነበር" አልኳቸው ገና በሩ ላይ ሆኜ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከቦደን ብሪጅ ጀመርኩላቸው። ድልድዩን ተሻገርኩ። ግድቡን በቀኝ ትቼ ወጣሁ። ሁለተኛው በር ጋ ጭቃ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ዝም አልኩ። "ከበሩ በኋላስ?" አሉኝ። ቀጠልኩ። አቀበቱ ጋ ስደርስ ብርድ ልብሳቸው ሥር እግራቸው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መጀመሪያ ቀኙ፣ ከዚያ ግራው።